አኻያን ከዘመዱና ከመሳዩ ለይቶ ማወቅ

አንድ ክረምት ላይ የዘመዶቼን ማሳ ወንዙ እየበላ አስቸገረ። ዳሩን በሥሩ ይዞ እንዲያቆምልን አኻያ እንትከል ተባባልን። እኔ አመጣለሁ ብዬ ከተማ ወዳለ አንድ ችግኝ ጣቢያ ሄድኩ። "አኻያ አላችሁ?" "ሞልቷል!" አንድ እቅፍ ቁራጭ ይዤ ተመለስኩ። ተከልን፤ ጸደቀ። በሁለተኛው ዓመት ቅርንጫፎቹ እንደ ፀጉር ወደ መሬት መዘርገፍ ጀመሩ። አጎቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ትንሽ አዩትና "ይኼ ሆቴል በር ላይ የሚተከለው አይደለም እንዴ?" አሉ። ልክ ነበሩ።

ሻጩ አልዋሸኝም። እሱም አኻያ ነው፤ የቻይና አኻያ። የኛው የወንዝ ዳር አኻያ ግን አይደለም። ከዚያ ወዲህ ቁጥቋጦ ባየሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ቅጠል የምገለብጥ ሰው ሆኛለሁ። የምጽፍላችሁ እኔ አሁን የምሄድበትን ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። የኛው አኻያ በሳይንስ ስሙ ሳሊክስ ሙክሮናታ ይባላል። በቆዩ ጽሑፎች ሳሊክስ ሰብሴራታ ተብሎ ታገኙታላችሁ። በኦሮምኛ አለልቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን ስትሄዱ በዚሁ ስም የምትጠራ ከተማ አለች። ዝርግፉ የቻይና አኻያ ደግሞ ሳሊክስ ባቢሎኒካ ነው። "የባቢሎን አኻያ" ማለት ነው፤ ከባቢሎን ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ በ1753 ይህን ስም ሲያጸናለት ያሰበው ዳዊት ላይ ያለውን መዝሙር ነበር። ስደተኞቹ በባቢሎን ወንዞች ዳር ተቀምጠው መሰንቋቸውን አኻያ ላይ የሰቀሉበትን። ዛፉ ግን የመጣው ከቻይና ነው። ባቢሎን ወንዝ ዳር የነበረው ደግሞ አኻያም ላይሆን ይችላል፤ የዕፅዋት ሊቃውንት የሚገምቱት የአኻያን የቅርብ ዘመድ፣ የኤፍራጥስ ፖፕላርን ነው። እሱም በለጋነቱ ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ አኻያ ይመስላል። እንግዲህ ሊኔየስን የሚያህል ሰው ከተሸወደ እኔ ችግኝ ጣቢያ ብሸወድ አይፈረድብኝም።

ስህተቱ የሚመጣው ሁሌም ከአንድ ቦታ ነው። ሰው ከሩቅ ቁመናውን አይቶ ይፈርዳል። ቁመና ግን መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ምስክር ነው። ከቅጠሉ ጀምሩ።

የምትይዙት ነገር ብዙ አይደለም። ስለት ያለው ቢላ፣ ማስመሪያ፣ ማጉሊያ መነጽር፣ ስልክ። ማጉሊያ ከሌላችሁ የስልኩ ካሜራ ቀረብ ብሎ ካነሳ ይበቃል። ቦት ጫማ ካላችሁ አድርጉ፤ አኻያ ያለበት ቦታ እግር ደረቅ ሆኖ አይመለስም።

1. ቦታውን አንብቡ

አኻያ ውኃ ይወዳል። ወንዝ ዳር፣ ጅረት ውስጥ ባለ የአሸዋና የጠጠር ክምር ላይ፣ ጨፌ ጠርዝ ላይ ታገኙታላችሁ። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ብዙ ግንድ ያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ከብት ካልበላውና ሰው ካልቆረጠው አስር ሜትር ገደማ የሚደርስ ዛፍ ይሆናል። ጎርፍ ሲያጋድመውም አይሞትም፤ ከተጋደመው ግንድ ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ቀንበጦች ያወጣል። ደረቅ ተረተር ላይ ያያችሁት ቀጭን ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ምናልባት ክትክታ ነው። ቅጠሉን በጣታችሁ እሹት፤ ከተጣበቀባችሁ ክትክታ ነውና መንገዳችሁን ቀጥሉ።

ቦታው ግን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ሰው ዝርግፉንም ውኃ ዳር ይተክላል፤ እኛም ተክለናል።

2. ቅጠሎቹ እንዴት እንደተቀመጡ እዩ

አንድ ክንድ የሚያህል ቀንበጥ ቁረጡ። የአኻያ ቅጠል ተራ በተራ ነው የሚወጣው። አንዱ በዚህ በኩል፣ ቀጣዩ ትንሽ ከፍ ብሎ በሌላ በኩል። ሁለት ቅጠሎች ከአንድ አንጓ ፊት ለፊት ከወጡ አኻያ አይደለም። ይህች አንዲት እርምጃ ወይራንና ዶቅማን ከነቤተሰባቸው ታስወጣላችኋለች፤ ሁለቱም ጥንድ ጥንድ ናቸው። ወይራ ውኃ ዳር ቆሞ ከሩቅ አኻያ ሲመስል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ቀንበጡን ስትይዙት ግን አያከራክርም።

ሌላው እዚህ የሚጣራው በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ትናንሽ ቅጠሎች የደረደረው ነው። ለከብት መኖ የሚተከለው ሰስባኒያ እንደዚያ ነው። ቁንዶ በርበሬም እንደዚያ ነው። ቁንዶ በርበሬን በተለይ የማነሳው ቅርንጫፉ ስለሚዘረገፍ ብዙ ሰው ከዝርግፉ አኻያ ጋር ስለሚያምታታው ነው። ቅጠሉን ጨፍልቃችሁ አሽትቱት፤ በርበሬ በርበሬ ይላል። አኻያ ሲጨፈለቅ የሚሸተው ተራ የቅጠል ሽታ ነው።

3. ጠርዙን በጥፍር ሂዱበት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንድ ያደገ ቅጠል ውሰዱ፤ ከቀንበጡ ጫፍ ያለውን ለጋ ሳይሆን ከመሐሉ። ቀጭንና ረዘም ያለ ነው፤ ስፋቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሳንቲም፣ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአስራ ሁለት ሳንቲም ወዲህ። አሁን የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ከሥሩ ወደ ጫፉ በጠርዙ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አስኪዱት። አልፎ አልፎ ትርክክ ትርክክ የሚል ነገር ይሰማችኋል። ትናንሽ ጥርሶች ናቸው። ጌሾ የቀጠፈ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ የጌሾም ጠርዝ እንዲሁ በደቃቁ የተጋዘ ነው። የጌሾ ቅጠል ግን ሰፋ ያለ ነው፤ የጎን ጅማቶቹም ሰርጎድ ሰርጎድ ብለው በግልጽ ይታያሉ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰብሴራታ ማለት "በጥቂቱ መጋዝ የሆነ" እንደማለት ነው። ስሙ ራሱ ያስጠነቅቃችኋል። አንዳንዱ ቅጠል ላይ ጥርሱ በጣም ደካማ ስለሆነ ለስላሳ ይመስላል። ስለዚህ በአንድ ቅጠል አትፍረዱ። ከተለያዩ ቅርንጫፎች አስር ያህል ሰብስባችሁ ወደ ብርሃን አንሱና ጠርዛቸውን ተመልከቱ። አስሩም ፍጹም ለስላሳ ከሆኑ ሌላ ተክል ሳትይዙ አልቀራችሁም።

ይህ ፈተና ባህር ዛፍን ያስወጣል፤ ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ሲጨፈለቅ ሽታውም ራሱን ያጋልጣል። አካሺያ ሳሊግናንም ያስወጣል። ይኼኛው ከአውስትራሊያ መጥቶ በየተራራው የተተከለ ነው። "ሳሊግና" ራሱ "አኻያ መሳይ" ማለት ነው፤ ስም ያወጡለት ሰዎችም መመሳሰሉ ታይቷቸዋል። አበባው ክብ ክብ ቢጫ ኳስ ስለሆነ ካበበ ምንም ጥርጥር የለውም።

አሁን ደግሞ ጠርዙ ለስላሳ የሆነውን ሁሉ በዋዛ የማታልፉበት ምክንያት። ኦሊያንደር የሚባለው የጌጥ ቁጥቋጦ ቅጠሉ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ አረንጓዴ ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ ከአንድ አንጓ ይወጣል፤ ጠርዙ ለስላሳ ነው። ቢጫ አበባ ያለው ዘመዱ ደግሞ የበለጠ ያሳስታል፤ ቅጠሉ ልክ እንደ አኻያ ተራ በተራ ይወጣል፣ ያብለጨልጫል። ሁለቱም ከሥር እስከ ጫፍ መርዝ ናቸው፤ ልብ ያቆማሉ። ቢጫው ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ አኻያ ወተት የለውም። አኻያ መስሏችሁ መፋቂያ እንዳትቆርጡ ነው የምላችሁ። ልጆች ካሉ በተለይ። ምንነቱን እስክትጨርሱ ድረስ ምንም ነገር አፋችሁ ውስጥ አታስገቡ።

4. እምቡጡን በማጉሊያ እዩ

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉ የሚታመነው ይህ ነው። ሰው ግን ይዘለዋል፤ ትንሽ ነገር ስለሆነ።

ቅጠሉ ከቀንበጡ በሚገናኝበት ብብት ውስጥ የነገው ቅጠል ወይም ቅርንጫፍ ተኝቶበታል። ስንዴ ፍሬ የምታህል፣ ወደ ቀንበጡ ተጠግታ የተለጠፈች እምቡጥ። በብዙ ዛፍ ላይ እንዲህ ያለችው እምቡጥ እንደ ሽንኩርት ወይም እንደ ቤት ክዳን በብዙ ቅርፊቶች ተደራርባ ትሸፈናለች። አኻያ ግን አንድ ቅርፊት ብቻ ነው ያለው። ልክ ጣት ላይ እንደሚጠለቅ የስፌት ቆብ። በጥፍራችሁ ጫፍ ከጎኗ ገፋ ስታደርጓት ቆቡ ሙሉውን ወልቆ ይወጣል፤ ሥሩ አረንጓዴ ለጋ ቅጠል ተጠቅልሎ ይታያችኋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አስር ያህሉን ቆብ አውልቄ ነበር፤ ሱስ ያስይዛል።

አንድ ቆብ ካገኛችሁ፣ ተራ በተራ የወጣ ቅጠል ካለ፣ ጠርዙም የተጋዘ ከሆነ፣ የያዛችሁት ከአኻያዎች አንዱ ነው። ብዙ ቅርፊት ተደራርቦ ካገኛችሁ ግን ፖፕላር ሊሆን ይችላል። ፖፕላር የአኻያ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ ግን በአብዛኛው ሰፊ ነው፣ ረጅም እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ በትንሽ ነፋስ ይርገበገባል። አንዳንዱ ፖፕላር እምቡጡ ላይ ሙጫ የመሰለ የሚያጣብቅ ነገር አለው።

ዘመድ ካነሳን አይቀር፣ ኮሽምም የአኻያ ዘመድ ነው! አጥራችሁ ላይ እሾኹን የሚያሾለው፣ ፍሬው አፍ የሚያኮማትረው ኮሽም። የዘር ጥናት ከመጣ በኋላ ነው ሊቃውንቱ ወደ አኻያ ቤተሰብ ያዛወሩት። መልካቸው ምኑም አይገናኝም፤ አንድ የጋራ ጠባይ ግን አላቸው፤ እሱን ወደ ኋላ ታዩታላችሁ።

5. ከአኻያ የትኛው?

እስካሁን "አኻያ ነው" ላይ ደርሰናል። ችግኝ ጣቢያው እዚህ ድረስ ትክክል ነበር። አሁን የኛውን ከቻይናው እንለይ። ጠርዙ እዚህ አይረዳችሁም፤ የሁለቱም የተጋዘ ነው። ቆቡም አይረዳም።

ቀንበጡን ተመልከቱ። የኛው ለጋ ቀንበጥ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል፤ የቅጠሉ እጀታም ብዙ ጊዜ ቀላ ይላል። ቅጠሉን ገልብጡት። ላይኛው ገጽ አረንጓዴና የሚያብለጨልጭ፣ ታችኛው ገርጣ ያለ ነው። ችግሩ የዝርግፉም ሆድ ገርጣ ማለቱ ነው። ልዩነቱ ጫፉ ላይ ነው። የዝርግፉ ቅጠል ጫፍ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ እንደ አይጥ ጅራት ረዝሞ ያልቃል። የኛው ቶሎ ይጨርሳል።

ከዚህ በኋላ ነው ቁመናው የሚጠየቀው። ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ዝርግፉ ቀጫጭን ቀንበጦቹን ቀጥ አድርጎ ወደ መሬት ይለቃል፤ ሜትርና ከዚያም በላይ ወርደው ነፋስ ሲመጣ አብረው ይወዛወዛሉ። የኛው ቀንበጥ ወደ ላይና ወደ ጎን ይሄዳል። ጫፉ ጎንበስ ሊል ይችላል፤ ጎርፍም ሊያጎብጠው ይችላል፤ መዘርገፍ ግን አይባልም። ታዲያ ለምን መጀመሪያ አናየውም? ምክንያቱም የዝርግፉ ቁራጭ በተተከለ የመጀመሪያ ዓመት ቀጥ ብሎ ሊወጣ ይችላል። እኔን የሸወደኝ ይኼው ነው። የማይዘረገፍ የቻይና አኻያ ዝርያም አለ፤ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘ ቅርንጫፍ ያለውን የጌጥ አኻያ አይታችሁ ይሆናል።

6. አበባ ካገኛችሁ ክርክሩ ያበቃል

የአኻያ አበባ አበባ አይመስልም። ጣት የምታህል፣ ለስላሳ፣ አባጨጓሬ የመሰለች ዘለላ ናት። በዘለላዋ ላይ ብዙ ደቃቅ አበቦች ተጠጋግተው ተደርድረዋል፤ የሚያምር የአበባ ቅጠል የሚባል ነገር የላቸውም። አንዱ ዛፍ ወንድ ነው፣ ሌላው ሴት። ኮሽምና አኻያ የሚጋሩት ጠባይ ይህ ነው፤ ኮሽምም ወንድና ሴት እየለየ ይበቅላል። ብቻውን የቆመ ኮሽም በየዓመቱ እያበበ ፍሬ የሚነሳችሁ ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ወንዱን ካገኛችሁ ዘለላዋን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና አንዷን ደቃቅ አበባ በመርፌ ለይታችሁ አውጡ። ጫፋቸው ቢጫ የሆነ ቀጫጭን ክሮች አሏት። ቁጠሯቸው። ሁለት ብቻ ከሆኑ ዝርግፉ የቻይና አኻያ ነው። ከሁለት በላይ፣ አራት አምስት ወይም ከዚያም የበዙ ከሆኑ የኛው ነው። አንድ አበባ ላይ ክር ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ አምስት አበባ ቁጠሩ። ዓይን የሚያደክም ሥራ ነው፤ ግን ከዚህ በኋላ ማንም አይሞግታችሁም።

ሴቷ ላይ የምታዩት ፍሬውን ነው። ትናንሽ አረንጓዴ ብልቃጥ የመሰሉ ፍሬዎች ሲደርሱ ለሁለት ይሰነጠቃሉ፤ ውስጣቸው ነጭ ጥጥ ነው። የኛው ብልቃጦች እያንዳንዳቸው አጭር ዘንግ ላይ ቆመዋል። የዝርግፉ ያለ ዘንግ፣ ወይም ዘንግ አለው በማይባል ሁኔታ ከዘለላው ላይ ተቀምጠዋል። ጥጡን በነፋስ ሲበር ካያችሁት ዘሩን አብሮ ይዞ ነው የሚሄደው። ዘሩ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው፤ ቶሎ እርጥብ መሬት ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ዘር ለቅሜ ቤት አስቀምጣለሁ ብትሉ አይሆንም።

ሁሉም ነገር መሐል ላይ የሆነ ተክል ካጋጠማችሁ አታስጨንቁት። አኻያዎች እርስ በርስ ይዳቀላሉ። "አኻያ" ብላችሁ ጻፉና እለፉት።

7. መዝግቡ

አምስት ፎቶ አንሱ። ሙሉ ቁመናው፣ የቅጠሉ ፊት፣ የቅጠሉ ጀርባ ከማስመሪያ ጋር፣ እምቡጧ በቅርበት፣ አበባ ካለ አበባው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቁመናውን ብቻ አንስቶ "ይኼ ምንድን ነው?" ይላል፤ ከዚያ ፎቶ ላይ እግዜር ካልነገረው በቀር ማንም መልስ አይሰጥም። ከስር እጃችሁን ወይም ጨለም ያለ ጨርቅ ብታደርጉ ጠርዙ ጎልቶ ይታያል።

ናሙና ማስቀረት ከፈለጋችሁ ቅጠልና አበባ ያለበትን ቀንበጥ ጋዜጣ መሐል አድርጋችሁ ከባድ ነገር ጫኑበት። አንዱን ቅጠል በጀርባው አዙራችሁ አስቀምጡት፤ ሁለቱም ገጽ እንዲታይ። ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይሩ፣ ካለበለዚያ ይሻግታል። ቦታውን፣ ቀኑን፣ ከውኃው ያለውን ርቀት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩ። የለጋ ቀንበጡ ቅላት ሲደርቅ ስለሚጠፋ ቀለሙንም ጻፉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም በዚሁ መንገድ የደረቁ ናሙናዎችን ያከማቸ ነው፤ የምር ጥያቄ ካላችሁ ከዚያ የተሻለ ማነጻጸሪያ አታገኙም።

እኛ በመጨረሻ ትክክለኛውን ያገኘነው ከላይ በኩል ካለ ጅረት ነው። አጎቴ አሁን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው ቆብ የሚያወልቁት፤ ማጉሊያዬንም ወርሰዋል። ለመትከል የምትቆርጡ ከሆነ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ ክንድ የሚያህል እንጨት ይበቃል፤ ከግማሽ በላዩን እርጥብ አፈር ውስጥ ቅበሩት። ታችና ላዩን አትገልብጡ፤ እምቡጦቹ ወደ ላይ ይመልከቱ። ሁሉንም ቁራጭ ከአንድ ዛፍ አትውሰዱ፤ እንደዚያ ካደረጋችሁ ወይ ሁሉም ወንድ ወይ ሁሉም ሴት ይሆንባችኋል። ከሦስት አራት ዛፍ ቁረጡ፣ የወንዱንና የሴቷን ቁራጭ የተለያየ ቀለም ያለው የስፌት ክር አስራችሁ ለዩ፣ አፈራርቃችሁ ትከሉ።